ፖስት ካርድ፦ ለማናውቀው ሰው መጻፍ ምን ያስተምረናል?



በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር የሚነሡት ጉዳዮች ከበድ ያሉ ናቸው። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ግን በአንድ እጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ወረቀት ነው፤ ፖስት ካርድ። «ሰው በእጅ ስልኩ ዓለምን በአንድ አፍታ በሚያዳርስበት ዘመን ስለ ፖስት ካርድ መጻፍ ምን የሚሉት ነገር ነው?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከራሴ ቤት ልጀምር።

በሣጥን ውስጥ የተቀመጠች ካርድ

ሆሳዕና ከተማ በሚገኘው የእናቴ ቤት፣ ከአልጋዋ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አለ። በሣጥኑ ውስጥ ከቤቱ ካርታና ከሟቹ አባቴ መታወቂያ ጋር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ፖስት ካርድ ትገኛለች። በፊት ለፊቷ አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተደለደለ ተራራ ይታይባታል፤ የደቡብ አፍሪካዋ የኬፕታውን ከተማ ተራራ ነው። በጀርባዋ ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፉ ሰባት መስመሮች አሉባት። ጸሐፊው ታላቅ ወንድሜ ነው።

ካርዷ በ2001 ዓ.ም. በአጎታችን መሥሪያ ቤት የፖስታ ሣጥን በኩል ስትደርሰን እኔ የመሰናዶ ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች ጮክ ብዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ወንድሜ ደህና መድረሱን፣ ሥራ ማግኘቱን ይገልጻል፤ ጎረቤቱንም ሁሉ በየስሙ እየጠራ ሰላም በሉልኝ ይላል። በመጨረሻው መስመር ላይ «ሦስት ዓመት ብቻ ሠርቼ እመለሳለሁ፣ ኢንሻአላህ» የሚል ቃል አለ። ይህ ከተጻፈ እነሆ 17 ዓመት ገደማ ሆነው። ወንድሜ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለ፤ ግን አልተመለሰም።

የሀዲያንና የከምባታን ከተሞች የሚያውቅ ሰው ይህ የእኔ ቤት ታሪክ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል። ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫና ከሺንሺቾ ተነሥተው፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን አቋርጠው ደቡብ አፍሪካ የገቡ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። በየከተሞቹ ከሚታዩት አዳዲስ ቤቶች ጥቂት የማይባሉት የተሠሩት እነርሱ በላኩት ገንዘብ ነው።

ከዚያች ካርድ በኋላ ወንድሜ አልጻፈም። ደወለ። ኋላም በኢሞና በዋትስአፕ ፊቱን ሳይቀር አሳየን። ይህ የአላህ ጸጋ ነውና አላጣጥለውም። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በስልክ ከተነጋገርነው ሁሉ ወደ እናቴ ሣጥን የገባ አንድም ቃል የለም። የዒድ ዕለት ዘመድ ወዳጅ ሲሰበሰብ እናቴ አውጥታ የምታሳየው ያቺኑ ካርድ ነው።

ለማያውቁት ሰው መላክ

እኔ ወደ ፖስት ካርድ የተመለስኩት ግን በወንድሜ በኩል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ለአንድ ጽሑፍ መረጃ ሳሰባስብ ፖስትክሮሲንግ ስለሚባል ዓለም አቀፍ የካርድ ልውውጥ አነበብኩ። ይህን ልውውጥ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005 የጀመረው ፓውሎ ማጋልሃይስ የተባለ ፖርቱጋላዊ ነው። በወቅቱ ተማሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ70 ሚሊዮን በላይ ካርዶች በዚህ መንገድ ከላኪ ወደ ተቀባይ ደርሰዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተሳታፊው በኢንተርኔት ተመዝግቦ የፖስታ አድራሻውን ይሰጣል። ካርድ መላክ እንደሚፈልግ ሲያመለክት በዕጣ የወጣለት የአንድ ሌላ ተሳታፊ አድራሻና አንድ መለያ ቁጥር ይደርሰዋል። ቁጥሩን በካርዱ ላይ ጽፎ በፖስታ ይልካል። ካርዱ የደረሰው ሰው ቁጥሩን ሲያስመዘግብ ደግሞ የላኪው አድራሻ ተራውን ለሌላ ሰው ይሰጣል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፦ ለእርስዎ ካርድ የሚልክልዎ እርስዎ የላኩለት ሰው አይደለም። እርስዎ ለፊንላንዱ ሰው ይልካሉ፤ ለእርስዎ የሚደርሰው ከታይዋን ሊሆን ይችላል። የላኩለት ሰው ብድር የለበትም፤ የላከልዎም ሰው ብድር አይጠብቅም።

ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው ዕጣ ያወጣልኝ በፊንላንድ የሚኖሩ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርትን ነበር። ታዲያ ችግር ገጠመኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጡትን ካርዶች ሳገላብጥ ላሊበላ፣ አክሱም፣ ጎንደርና የኦሞ ሸለቆ ሕዝቦች ሞልተዋል፤ የእኔ ከተማ ግን የለችም። ለበዓል ወደ ሆሳዕና ስሄድ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ፤ ከልደትና ከሠርግ ካርድ በስተቀር አላገኘሁም። በመጨረሻ ራሴ ያነሣሁትን አንድ ፎቶ ግራፍ ወደ ፎቶ ቤት ወሰድኩና በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር አሳተምኩት። በግድግዳው ላይ በቀይና በነጭ ቀለም ያጌጠ፣ በእንሰት የተከበበ የአካባቢያችን ጎጆ ቤት ነው። ጀርባውን በእስክሪብቶ ለሁለት ከፍዬ በግራው መልእክት፣ በቀኙ አድራሻ ጻፍኩ። ካርድ ሆነ።

ፖስታ ቤት መስኮቱ ላይ የነበሩት እናት ካርዱን ገልብጠው አዩና፣ «ዘመድህ ናቸው ልጄ?» አሉኝ።

«አይደሉም፤ አላውቃቸውም» አልኩ።

«ታዲያ ለማታውቀው ሰው ምን ተብሎ ይጻፋል?» ብለው ሣቁ።

ይህ ጥያቄያቸው ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

ደብዳቤ ጥንትም ለማይታወቅ ሰው ተጽፏል

ለማያውቁት ሰው መጻፍ ዛሬ የተፈጠረ ነገር አይደለም። ቁርኣንን የቀራን ሁሉ በሱረቱ አን-ነምል የተነገረውን የነቢዩ ሱለይማንን (ዐ.ሰ.) ታሪክ እናውቃለን። ከሰበእ ንግሥት ጋር ፊት ለፊት ከመተያየታቸው በፊት ከእርሱ ወደ እርሷ የሄደው ደብዳቤ ነው፤ አድራሹም ሁድሁድ የተባለችው ወፍ ነበረች። በሱረቱ አል-ሑጁራትም የሰው ልጅ ጎሣና ነገድ ሆኖ የተፈጠረው እንዲተዋወቅ መሆኑን ተምረናል። ትውውቅ ደግሞ ከሚያውቁት ሰው ጋር አይጀመርም።

ወደ ሀዲያ እንምጣ። ከሀዲያው ሙስሊም ገዢ ከገራድ መሐመድ ቤት የተወለደችው ንግሥት እሌኒ፣ ወደ ክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት በጋብቻ ገብታ በኋላ ለአገሪቱ ሞግዚት ሆና ስታስተዳድር፣ እ.ኤ.አ. በ1500ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አይታው ለማታውቀው ለፖርቱጋል ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ጽፋለች። መልእክተኛዋ ማቴዎስ የተባለ ሰው በሕንድ በኩል ዞሮ ሊዝበን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1514 ነው። የፖርቱጋል መልእክተኞች ከእርሱ ጋር ምጽዋ የደረሱት ደግሞ በ1520 ነበር፤ ማቴዎስም ቤተ መንግሥቱን ዳግም ሳያይ በመንገድ ሞተ። የደብዳቤው ዓላማ በዘመኑ በነበሩት ሙስሊም ኃይሎች ላይ የጦር ትብብር መጠየቅ ነበርና ይዘቱ ለእኛ የሚያስደስት አይደለም። ቢሆንም ከሀዲያ ምድር የበቀለች ሴት መልሱን ለማግኘት አሥር ዓመት ያህል የጠበቀችበት ጽሑፍ ነው። ዛሬ ደግሞ ያው ፖርቱጋል ያፈራው ወጣት በጀመረው ልውውጥ ከሆሳዕና ካርድ እንልካለን፤ ጦር ሳንጠይቅ።

ይህ ሊሆን የቻለው በዓለም አቀፉ የፖስታ ሥርዓት ምክንያት ነው። ኦፊሴላዊው ፖስት ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1869 በኦስትሪያ-ሀንጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 ደግሞ በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ላይ ዛሬ የዓለም ፖስታ ኅብረት የሚባለው ድርጅት ተመሠረተ። መሠረታዊ ሐሳቡ አባል አገሮች በሙሉ ለፖስታ እንደ አንድ ግዛት እንዲቆጠሩ ነው፤ አንዱ አገር የላከውን ሌላው ተቀብሎ ያደርሳል። በአገራችን አፄ ምኒልክ ፖስታን በ1886 ዓ.ም. በአዋጅ ሲያቋቁሙ ሰባት ዓይነት ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው መጡ። ሆኖም ኢትዮጵያ የኅብረቱ አባል ስላልነበረች ቴምብሮቹ ከድንበር ማዶ አያገለግሉም ነበር፤ ወደ ውጭ ለሚላክ ደብዳቤ የፈረንሳይ ግዛት የነበረችው የጅቡቲ ቴምብር መጨመር ነበረበት። ይህ የቀረው ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. አባል ስትሆን ነው። እንግዲህ ዛሬ በዱራሜ ወይም በሆሳዕና የተለጠፈ ቴምብር በፊንላንድ ገጠር የሚከበረው በዚያ ስምምነት መሆኑን እናስታውስ።

ከካርዱ የተማርኩት

አሁን ወደ ፖስታ ቤቷ እናት ጥያቄ ልመለስ። ለማናውቀው ሰው ምን ተብሎ ይጻፋል?

አንደኛ፣ የራስን አገር እንደ አዲስ ማየት ያስፈልጋል። ለጎረቤቴ «ቆጮ በላሁ» ብል ይበቃዋል። ለፊንላንዷ መምህርት ግን እንሰት ሙዝ የሚመስል ተክል መሆኑን፣ ፍሬው ግን እንደማይበላ፣ ግንዱ ተፍቆና ሥሩ ተከትክቶ ጉድጓድ ውስጥ ከተብላላ በኋላ ምግብ እንደሚሆን በሦስት መስመር መግለጽ ነበረብኝ። ይህን ለመጻፍ እናቴን መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የበላሁትን ምግብ አሠራር በቅጡ የማላውቅ መሆኔ የዚያን ዕለት ታወቀኝ።

ካርዱ ከአምስት ሳምንት በኋላ ደረሰ። መምህርቷ ለመድረሱ ማረጋገጫ ሲሰጡ «የከተማችሁ ስም ትርጉሙ ምንድነው?» የሚል ጥያቄ አከሉበት። እኔም ሽማግሌ ጠየቅኩ። ሆሳዕና የክርስቲያኖች በዓል ስም መሆኑን አውቅ ነበር፤ አካባቢው ከዚያ በፊት ዋቸሞ ይባል እንደነበረና ዩኒቨርሲቲው ስሙን የወረሰው ከዚያ መሆኑን ግን ልብ ብዬው አላውቅም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነችውን ከተማ፣ እዚያው ተወልጄ ያደግኩት ጋዜጠኛ፣ በሩቅ ሰው ጥያቄ ነው ያወቅኳት።

ሁለተኛ፣ ካርድ ክፍት ጽሑፍ ነው። ፖስተኛውም፣ ቤተሰቡም፣ መንገድ ላይ የወደቀ ካርድ ያገኘም ያነብበዋል። ስለዚህ ሐሜት፣ የሰው ምሥጢርና ብሶት አይጻፍበትም። እውነት የሆነና በማንም ፊት ሊነበብ የሚችል ነገር ብቻ ይቀራል። ምላሳችንን ስለ መጠበቅ ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ ስምንት መስመር ብቻ የሚያስጽፍ ወረቀት ደግሞ በተግባር ያለማምደናል።

ሦስተኛ፣ መጀመሪያ መስጠት ነው። በዚህ ልውውጥ ውስጥ ሳይልክ የሚቀበል የለም። ሲልኩም ካርዱ መድረሱን እርግጠኛ ሆነው አይደለም። ከላክኋቸው ውስጥ ሳይደርሱ የቀሩ አሉ፤ አራት ወር ቆይተው የደረሱም አሉ። ቢሆንም ከቤላሩስ የላከልኝ ሰው እኔ ለጀርመን መላኬን አያውቅም፤ ድርሻውን ተወጣ። አማና ማለት አንዱ መልኩ ይህ አይደለምን?

እንዴት ይጀመራል?

ይህን ሥራ ለመሞከር ለሚፈልጉ፣ በተለይም ለመምህራንና ለወላጆች፣ ከልምዴ ጥቂት ነጥቦች ላካፍል።

በአገራችን ደብዳቤ እየዞረ ቤት ለቤት አይታደልም፤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ሣጥን የሌለው ሰው የዘመድ ወይም የመሥሪያ ቤት ሣጥን አስፈቅዶ መጠቀም ይችላል። የሣጥን ቁጥር ሌላም ጥቅም አለው፤ ተቀባዩ የቤትዎን አድራሻ አያውቅም። ልጆች የሚሳተፉ ከሆነ በትምህርት ቤታቸው ሣጥን፣ በመምህራቸውና በወላጆቻቸው ቁጥጥር ይሁን።

የውጭ አገር አድራሻ እንደ ተሰጠው አንድ ፊደል ሳይቀየር ይገለበጣል፤ የአገሩ ስም በመጨረሻው መስመር ላይ ጎላ ብሎ ይጻፋል። መለያ ቁጥሩን ሁለት ቦታ መጻፍ ይበጃል፤ ማኅተም ካረፈበት አንዱ ሊጠፋ ይችላልና። አዲስ ተሳታፊ በአንድ ጊዜ መላክ የሚፈቀድለት እስከ አምስት ካርድ ድረስ ነው፤ ሲደርሱለት ቁጥሩ ከፍ ይላል። ለመጀመር ግን አንድ ይበቃል።

ካርድ ከሌለ ፎቶ ቤት አለ። የፍጡርን ምስል ማተም የማይወድ አንባቢ ቢኖር አገሩ አላህ በፈጠረው ውበት የተሞላ ነው፤ ከምባታ የሚገኘው የአምበሪቾ ተራራ 777 ደረጃዎች ተሠርተውለታል፤ በከምባታና በወላይታ አዋሳኝ ላይ የአጆራ መንታ ፏፏቴ አለ፤ ያጌጡት ጎጆዎችም አሉ። የየከተማው ፎቶ ቤት ባለቤቶች ይህን አትመው ቢሸጡ እነርሱም ይጠቀማሉ፤ ከተማውም ይታወቃል።

አንድ ነገር ላሳስብ። ካርዱን የሃይማኖት ክርክር ማንሻ አናድርገው። ሳንጠይቅ የሌላው እምነት ስብከት በፖስታ ቢመጣልን ደስ እንደማይለን ሁሉ ሌላውም እንዲሁ ነው። «ሙስሊም ነኝ፤ ዛሬ ረመዳን ነውና ይህን የምጽፍልህ ፆሜን ይዤ ነው» ብሎ መጻፍ ግን ስለ ራስ መናገር ነው። ከዚህ አልፎ ለማወቅ የሚሻ ካለ ይጠይቃል።

የእናቴ ካርድ

ስለ እንግዶቹ ሰዎች ይህን ያህል ከተናገርኩ ዘንድ መጀመሪያ ያነሣሁትን ነገር ሳልቋጭ ማለፍ አይገባኝም።

ለማላውቃቸው ሰዎች ሠላሳ ያህል ካርድ ከላክሁ በኋላ አንድ ቀን አሳፈረኝ። ለታይዋን ተማሪ ስለ ሆሳዕና ገበያ የጻፍኩትን ያህል ለገዛ ወንድሜ ጽፌለት አላውቅም። የዚያኑ ሰሞን ሆሳዕና ሄጄ የሰፈራችንን መንገድ ፎቶ አሳተምኩና እናቴ ዘንድ ቁጭ አልኩ። «ለልጅሽ ምን ብዬ ልጻፍለት?» አልኳት።

አሰበች። «ቡናው ዘንድሮ አፍርቷል በለው። በአጥሩ በኩል የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጧል፤ ቢመጣ ቤቱ እንዳይጠፋው በለው። የጎረቤታችን የ...» ካለች በኋላ አቋረጠች። አንድ የሚወዳቸው አዛውንት በዚያው ዓመት አርፈው ነበር። «አይ፣ እሱን ተወው። መርዶ በካርድ አይነገርም» አለች። ስለ ሦስቱ ዓመት ልጻፍ ወይ ብዬ ብጠይቃት ራሷን ነቀነቀች። «እሱ የጻፈውን ያውቃል» አለች።

ካርዱ ኬፕታውን ለመድረስ አራት ወር ፈጀ። ወንድሜ የዚያን ዕለት ሲደውል ብዙ አልተናገረም። በሱቁ መደርደሪያ ላይ ከመስተዋቱ ጀርባ እንዳስቀመጠው ነገረን። ደንበኞቹ እያዩ «ይህ የት ነው?» ይሉታል አለ። ምን ትላቸዋለህ ብለው፣ «ገና ምን እንደምላቸው እያሰብኩ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ካርድ ጽፏል። በሁለቱም ላይ የመመለሻ ዓመት አልጻፈም። ሁለቱም ግን ከመጀመሪያዋ ጋር በነጩ ጨርቅ ውስጥ ገብተዋል። እናቴም እኔ በደወልኩ ቁጥር «ወንድምህ ደውሏል?» ማለቱን ትታ «ከፖስታ ቤት የመጣ ነገር አለ?» ማለት ጀምራለች።

ውድ አንባብያን፤ የደብዳቤ ዘመን እያለፈ መሆኑን አልክድም። በዴንማርክ ፖስትኖርድ የተባለው የመንግሥት ፖስታ፣ ከ400 ዓመት አገልግሎት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ላይ ደብዳቤ ማደል አቁሟል። በእኛም አገር ነገ ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል። የእኛ መስኮት ግን ዛሬ ክፍት ነው። በውጭ ያለ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ሁላችንም ስልክ እንደውላለን። እስኪ በዚህ ሳምንት አንድ ካርድ እንጻፍ። ለሚያውቁት ሰው ለመጻፍ ቃል ቢያጥርዎት፣ እንደ እኔ በማያውቁት ሰው ይጀምሩ። እንግዳው የሚጠይቅዎን ለመመለስ ሲሉ ለዘመድዎ የሚጽፉትን ያገኛሉ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።